ያለ ትኬት

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዚች ጠባብ መስኮት፣
ለሄደው ለመጣው ቆርጬለት ትኬት፣
በሮስታላ ጣቢያ፣ በባልቲክ ዳርቻ፣
የሰው ጉዞ ነበር የኔ ሥራ ብቻ።
ኋላ ሐዲዱን ነቅለው ጫኑት በመኪና፤
ባቡሩም እንደ ሄደ ቀረ በዚያው ጎዳና።
ጣቢያውን ሸጡልኝ፣ ከነሰዓቱ ጋራ፤
ሰዓቱ ግን ቆሟል፣ ዓመትም አይቆጥር፣ ሰውንም አይጣራ፣
አራት ከሃያ ላይ።

ኤንዴል፣ ባሌ፣ ነበር የምልክት ሠራተኛ፤
ዝምታ የሚወድ፣ ሲስቅም ብቸኛ።
በጥር ሞተ። መሬት በበረዶ ታስሮ
ሁለት ቀን ፈጀብን አንድ ጉድጓድ ተቆፍሮ።

ሐኪሟ፣ ልጅ እግር፣ ደም ግፊቴን ለክታ፣
"ቁጭ በይ፤ ተንፍሺ" አለችኝ በርጋታ፤
"ያለሽበትን ቦታ እዪው።" ሳቄ መጣ፤
ለሰው ስቆርጥ እንጂ የት ሄጄ የት ልምጣ?
ግን ቁጭ አልኩ፣ ምን ላድርግ፤ የመሳፈሪያው ወንበር
ቀለሙ ቢላጥም እግሩ ጽኑ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ነገር የለም።
በሁለተኛውም ቀን ያየሁት ነገር የለም።
በሦስተኛው መጣች አንዲት ጭብጥ የማትሞላ፣
ከዛፍ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሌላ፤
ብጫ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጥቁር ከረባት አስራ፣
ልክ እንደ ተቆጣጣሪ ስትመጣ ለሥራ፣
ወንበሬን ፈተሸች፣ ጫማዬን ፈተሸች፣
ጥፋት ስታጣብኝ የሱፍ ፍሬ አነሣች።

ጎረቤቴ ኡርማስ አጉሊ መነጽር አንገቱ ላይ ያለ፣
"ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ዓይነት ወፍ አየሁ" አለ።
"አንቺስ፣ ቪርቬ፣ ስንት ደረስሽ?"
"አሥራ አንድ" አልኩት፣
"አንዷን ግን፣ ኡርማስ፣ ከጧት እስከ ማታ ሳያት ነው የዋልኩት።"

ኤንዴል ይወጣበት የነበረው ምሰሶ፣
መብራቱ ወልቆለት ጭራሮ ተላብሶ፣
የሽመላ ቤት ነው። ሚያዝያ ሲጋመስ
ወንዱ ይቀድምና ጎጆውን ሲያድስ
ትከተላለች እሷ። ዘንድሮ ዘገየች።
አምስት ቀን። ዐሥር ቀን። አሁንም ዘገየች።
ስለ መዘግየት እንኳ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?
"ይቅርታ፣ ተሳፋሪዎች፣ ጥቂት ይዘገያል"
እያልኩ ስንቱን ሰው አስቀመጥኩት በብርድ፣
ለምን እንደ ዘገየ አላውቅ እኔም ለራሴ አንድ።

ዐሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ኮፍያዬን፣
የሥራዬን ኮፍያ፣ ቀዩ ክር ያለውን፣
ደፍቼ ወጣሁ። ሰው አላየኝም መሰል።
መጣች! ከጉም መሐል፣ ወርዳ እንደ ነጠላ ቅጠል።
ግን ሌላ ናት። የፊተኛዋ በግራ እግሯ ቀለበት ነበራት፤
የዚችኛዋ እግር ቀይ፣ ረጅም፣ ባዶ፤ ምንም የለባት።
ወንዱ ግድ አልሰጠው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ
እንደ ድሮ የትኬት መብሻዬ መንቁሩን አስቸኩሎ
ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! አለላት።
"አንተ ከሃዲ!" ብዬ ጮህኩ ከታች። ከዚያ ኮፍያዬን አነሣሁላት።

በሰኔ አንዲት ጨረባ፣ ጭራዋ መቀስ የሆነ፣
በትኬት መስኮቴ ገባች፣ ማንም ሳይለምነ፣
ሳትከፍል። ጭቃ አመላልሳ፣
ጎጆ ሠራች ከታሪፉ ሰሌዳ በላይ፣ አራት ልጆቿን ይዛ።
ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ክፍል በአምስት አፍ ይጮኻል፤
መጥረጊያ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፤ ይሁን፣ ይጠረጋል።

በነሐሴ ሽመሎቹ በአየሩ ሞቃት ተንሳፈው
እየዞሩ፣ እየዞሩ፣ ነጥብ እስኪሆኑ ከፍ ብለው
ሄዱ። ማስታወቂያ አልተነገረ፣ ፊሽካም አልተነፋ።
በመስከረም ሌሊት የዝይ መንጋ ጩኸት ጣራዬን አልፎ ጠፋ።
በሌሊት ልብሴ ወጥቼ አንድም አላየሁም፤
ቆሜ ነበር ብቻ። እስኪበርደኝ፣ አልገባሁም።

ዛሬ በረዶ ነው። ባሕሩም ደርቋል፣ ድምፅ የለ።
ብጫ ሸሚዟ ተቆጣጣሪዬ ፍተሻዋን ቀጥላለች፣ እንዳለ።
አንዲት ድንቢጥ ደግሞ፣ ላባዋን ነፍታ ከብርዱ፣
ከቆመው ሰዓት ላይ አረፈች፣ ከረጅሙ ዘንጉ።
ክብደቷ ምን ያህል ነው? የደብዳቤ ያህል እንኳ አይሆን።
ዘንጉ ግን ሲጥ አለ፣ ዝቅ አለ፣ አየሁት አሁን፤
አራት ከሃያ አንድ።